ክራሯን ይዛ የመለሰች ሴት

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በሂሳብ ሠራተኛችን የቀረበ ንግግር)



እኔ ወደዚህ መድረክ ስወጣ ቁጥር እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። የዓመቱን ሂሳብ ከሰዓት በኋላ አቀርባለሁ። አሁን ግን ስለ ሁለት የሙዚቃ ሰዎች፣ ስለ አስናቀች ወርቁና ስለ ጌታመሳይ አበበ ልናገር። ነገሩ ዞሮ ዞሮ ወደ መዝገባችን ይመለሳል።

ታላላቆቻችን ታስታውሷቸዋላችሁ። እሷ ክራር፣ እሱ ማሲንቆ ይዘው አብረው ይጫወታሉ። እሱ በግጥም ይነካካታል፤ እሷም በግጥም ትመልስለታለች። ሰሚው ይስቃል፤ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ሲያገኝ ደግሞ ጸጥ ይላል።

ለእኛ ለጎንደሮች ወንድና ሴት አዝማሪ አብረው ሲጫወቱ ማየት አዲስ አይደለም። በሠርጉም፣ በክርስትናውም፣ በማታው አዝማሪ ቤትም ያደግንበት ነው። በተለመደው አሠራር ግን ማሲንቆውን የሚገዘግዘው ወንዱ ነው። ሴቷ እያጨበጨበች ታዜማለች፣ እስክስታ ትመታለች። አስናቀች የራሷ መሣሪያ ነበራት። መሣሪያ ያለው ሰው ራሱ ቃኝቶ ይጀምራል፤ መልስ ለመስጠት የሌላ ሰው እጅ አይጠብቅም።

ሁለቱን መሣሪያዎችም ልብ በሏቸው። ማሲንቆ ያለው አንድ ክር ነው፤ ከፈረስ ጭራ የተሠራ። ድምፁን እንደ ሰው ጉሮሮ ይስበዋል። ክራር አምስት ወይም ስድስት ክሮች አሉት፤ ድምፁ ነጠላ ነጠላ ሆኖ ይወጣል። አንዱ ሲጎትት ሌላው ያንጠባጥባል እንጂ አንዱ ሌላውን አይሸፍንም። የአስናቀችና የጌታመሳይ ጨዋታም እንደዚያው ነበር። ተሸነፍኩ ብሎ የሚያኮርፍ አልነበረም፤ መልሱ ሲከርር ጨዋታው ይደምቃል።

የአስናቀች መንገድ አልጋ በአልጋ አልነበረም። በቀድሞው ቴአትራችን የሴቷን ቦታ ወንዶች የሴት ልብስ ለብሰው ይጫወቱት ነበር። መድረክ ላይ ከወጡት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ እሷ ናት። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው ቤት በተዋናይነትም በድምፃዊነትም አገልግላለች። በገና የዳዊት ነው ተብሎ ሲከበር ክራር የሰይጣን መሣሪያ እየተባለ ይናቅ ነበር። እሷ ያንን የተናቀውን ይዛ ወጣች። ሰዉ አዝማሪን ለሠርጉ ይጠራል፤ ልጁን ለአዝማሪ ስጥ ቢሉት ግን አይሰጥም። በዚህ መሀል ነው ስሟን ያስከበረችው።

አስናቀች በመስከረም 2004 ዓ.ም. አረፈች። በሕይወት ሳለች «ኢትዮፒክስ» የተባለው በፈረንሳይ የሚታተም የሙዚቃ ተከታታይ 16ኛ ቁጥሩን ለእሷ ሰጥቷል። የሕይወት ታሪኳም በራሔል ሳሙኤል ዘጋቢ ፊልም ሆኗል። ውርሳቸውን ለማየት ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ማታ በከተማችን ወዳለ አዝማሪ ቤት ግቡ። እንግዳው «ተቀበይ!» ይላታል፤ እሷም ትቀበላለች፤ ወዲያው ደግሞ መልሳ እሱኑ ታስቀዋለች። ልማዱ ከሁለቱም በፊት የነበረ ነው። እነሱ ግን ወደ ትልቁ መድረክ አውጥተው ሴቷ እኩል መላሽ ሆና እንድትታይ አደረጉ።

አሁን ወደ መዝገባችን ልመለስ። ይህን የምናገረው ባለቤቷ ፈቅዳልኝ ነው።

አንዲት እህታችን የብድር ማመልከቻ ልታስሞላ እኔ ዘንድ መጣች። «ሥራሽ?» አልኳት። «አዝማሪ ነኝ» አለችኝ፣ ቀና ብላ። እኔ ግን «ንግድ» ብዬ ጻፍኩ። ኮሚቴው እንዳይጥለው፣ ለእሷው አስቤ ነው ብዬ ነበር። ማመልከቻው ግን «ገቢዋ ቋሚ አይደለም» ተብሎ ወደቀ። ልነግራት ስሄድ ወረቀቱን አየችና «እታለም፣ እዚህ ላይ ያለችው ነጋዴ ማን ናት?» አለችኝ።

የምመልሰው አጣሁ። ያቺ ሴት በሁለት ዓመት ውስጥ የሳምንት ቁጠባዋን አንድም ቀን አላስተጓጎለችም። ይህን የሚያሳየው መዝገብ በእኔ እጅ ነበር። አንድ ሳምንት ሳያልፍ በገዛ እጄ ስመዘግብላት የኖርኩትን ገንዘብ ትቼ የሥራዋን ስም ፈራሁ። አሳፋሪ ነው ያለችኝ እሷ አይደለችም፤ ያፈርኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ እህቶቼ፣ ከሰዓት በኋላ ሁለት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛው እርማት ነው፤ በሥራ ዓይነት ዓምድ «ንግድ» የሚለው ተሰርዞ «አዝማሪ» ይባላል። ሁለተኛው ለድምፅ የሚቀርብ ሐሳብ ነው፤ ለብድር የሚመጣ አባል በሥራው ስም መመዘኑ ቀርቶ በቁጠባ ታሪኩ ይመዘን። ጉሊት የምትቸረችረውም፣ ጠላ የምትጠምቀውም፣ ጥጥ የምትፈትለውም ገቢያቸው እንደ ደመወዝ በወር አይመጣም። ለእነሱ ያልጠየቅነውን ለዘፋኟ ብቻ ለምን እንጠይቃለን?

እህታችን ዛሬ እዚሁ መካከላችን ናት። ሐሳቡን የሚቃወም ካለ ይናገር፤ እሷም ትመልስለታለች። መልስ መስጠት ሥራዋ ነው።