ሥራንና ቤተ ሰብን ይዞ ለጊዜው ወደ ሌላ አገር ስለ መሄድ

በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



እግዚአብሔር በቸርነቱ ጠብቆ ለዚህ ለኢዮቤልዩ በዓል ስላደረሰን ምስጋና ይድረሰው። ኢዮቤልዩ በኦሪት ዘሌዋውያን እንደ ተጻፈው የዕረፍትና የነጻነት ዓመት ነው፤ በዚያም ዓመት ከርስቱ ርቆ የነበረ ሰው ወደ ርስቱና ወደ ወገኑ እንዲመለስ ታዝዟል። ሕጉ ሰው ከቤቱ የሚለይበት ጊዜ እንዳለ ያውቃል፤ ነገር ግን መለየቱ ያለ ቍጥርና ያለ ወሰን እንዲቀር አይፈቅድም። ስለዚህ እኔም በዚህ በዓል ስለ መሄድና ስለ መመለስ ጥቂት ቃል ለመናገር አሰብሁ።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በደብራችን ካሉት ወጣት ባለትዳሮች አያሌዎቹ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ። ጥያቄውም፥ «ሥራችንን ሳንለቅ፥ ሕፃናት ልጆቻችንን ይዘን፥ አንድ ዓመት ያህል ኢትዮጵያ ሄደን ብንቀመጥ ምን ይመስላችኋል?» የሚል ነው። የሚጠይቁትም በከንቱ አይደለም። ልጆቻቸው በዚህ በዋሽንግተን አካባቢ ተወልደው አፋቸውን በእንግሊዝኛ ፈትተዋል፤ አያታቸው በስልክ ሲመርቋቸው ምርቃቱን የሚያስረዳቸው ሰው ይፈልጋሉ። አያቶችም በየዓመቱ ያረጃሉ፥ አንዳንዶቹም የልጅ ልጆቻቸውን ሳያቅፉ ያልፋሉ። ስለዚህ ነገሩ የሽርሽር ነገር አይደለም፤ በአያትና በልጅ ልጅ መካከል ያለው ገመድ እንዳይበጠስ የሚታሰብ አሳብ ነው።

ቀድሞ ሰው ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ ወይ ሥራውን ትቶ፥ ወይ ቤተ ሰቡን ትቶ ይሄድ ነበር። ዛሬ ግን በኮምፒውተርና በኢንተርኔት የሚሠራ ሰው ሥራውን በቦርሳው ይዞ ለመሄድ ይችላል። ይህም ልማድ እጅግ የሰፋው በ2012 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2020) የኮሮና በሽታ በዓለም ላይ በተዛመተና ሰው ሁሉ በየቤቱ ተዘግቶ እንዲሠራ በተገደደ ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት ባርቤዶስና ኢስቶኒያ፥ ከሁለት ዓመትም በኋላ ፖርቱጋል፥ ደመወዙን ከውጭ እየተቀበለ በአገራቸው ለመቀመጥ ለሚፈልግ ሰው ልዩ ቪዛ አወጡ። የእኛ ወገን የሆነና የሌላ አገር ዜግነት የያዘ ሰው ደግሞ በአዋጅ ቍጥር 270/1994 መሠረት የኢትዮጵያ ተወላጅነት መታወቂያ ካወጣ፥ ያለ ቪዛ ለመግባት፥ ያለ መኖሪያ ፈቃድም ለመቀመጥና ለመሥራት መብት አለው።

እንግዲህ በሩ ተከፍቷል። ነገር ግን በር ስለ ተከፈተ ብቻ አይገባም። ሥራው በሽቦና በአየር ይሄዳል፤ ቤተ ሰብ ግን በሥጋውና በነፍሱ ይሄዳል። ሥራው በደረሰበት ቀን ሥራ ነው፤ ሕፃን ግን አዲስ ቤት፥ አዲስ ጓደኛ፥ አዲስ ቋንቋ ለመልመድ ወራት ያስፈልገዋል። ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ ሁሉ በአንድ ነገር ይጠቃለላል፤ ይኸውም፥ ለጊዜው የሚሄድ ሰው ከመነሣቱ አስቀድሞ የቤቱን ሰዓትና የመመለሻውን ቀን ይወስን የሚል ነው።

የቅዱሳት መጻሕፍትን ታሪክ ብንመለከት ለዚህ ነገር ሦስት ምሳሌዎች እናገኛለን። የመጀመሪያው በመጽሐፈ ሩት የተነገረው የአቤሜሌክ ታሪክ ነው። እርሱ በይሁዳ ቤተ ልሔም ራብ ቢሆን ሚስቱን ኑኃሚንንና ሁለቱን ልጆቹን ይዞ ለጊዜው ለመቀመጥ ወደ ሞዓብ ሄደ። የሄደበት ምክንያት የሚነቀፍ አልነበረም፤ ነገር ግን የመመለሻው ጊዜ ሲወሰን አናይም። እርሱም በዚያው ሞተ፤ ልጆቹም በዚያው አግብተው፥ ዐሥር ዓመት ያህል ከተቀመጡ በኋላ ሞቱ። ኑኃሚንም ሙሉ ሆና የወጣችበትን አገር ባዶዋን ተመለሰችበት። ሁለተኛው የእመቤታችንና የልጅዋ የግብፅ ስደት ነው። ዮሴፍ በትእዛዝ ሄደ፥ በትእዛዝም ተመለሰ፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ያንን ስደት ሦስት ዓመት ከስድስት ወር ብላ ቈጥራ፥ በወርኃ ጽጌ ታስበዋለች፥ ኅዳር 6 ቀንም የቍስቋምን በዓል ታከብራለች። ሦስተኛው ቅዱስ ጳውሎስ ነው፤ እርሱ በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ አንድ ዓመት ከስድስት ወር ተቀመጠ። ሙያውን በእጁ ይዞ ስለ ሄደ ለማንም ሸክም አልሆነም፤ ነገር ግን ሙያው የሄደበትን ዋና ምክንያት እንዲውጥበት አልፈቀደም። በሞዓብ ወሰን ሲጠፋ፥ በግብፅ ወሰን ሲጠበቅ፥ በቆሮንቶስም ሥራ በሥርዓቱ ሲውል እናያለን።

ከዚህ በኋላ ነገሩን በዘመናችን ሥራ ላይ እናውለው።

አንደኛው የሰዓት ነገር ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም በዚህ ነው። አሜሪካኖች ሰዓታቸውን በዓመት ሁለት ጊዜ ያዛውራሉ፥ ኢትዮጵያ ግን አታዛውርም፤ ስለዚህ በዋሽንግተንና በአዲስ አበባ መካከል ያለው ልዩነት በአንዱ ወቅት 8፥ በሌላው ወቅት 7 ሰዓት ነው። እንግዲህ በእኛ አቈጣጠር በዋሽንግተን ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት የሚሠራ ሰው፥ ልዩነቱ 8 በሆነበት ወቅት በአዲስ አበባ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ይሠራል ማለት ነው። ይህ ሰዓት ልጆች ከትምህርት ቤት ተመልሰው የሚጫወቱበት፥ ራት የሚበሉበት፥ ጸሎት አድርሰው የሚተኙበት ሰዓት ነው። አባትዮው ከልጆቹና ከእናቱ ጋር ለመሆን ብሎ ሰባት ሺህ ማይል ገደማ ተጕዞ፥ ምሽቱን ሁሉ በሩን ዘግቶ ከዋሽንግተን ሰዎች ጋር ይነጋገራል፤ ጧት ልጆቹ ሲነሡ ደግሞ እርሱ ተኝቷል። ሥራው አገር አልለወጠም፤ ቤተ ሰቡ ብቻ ለወጠ።

ለዚህ መድኃኒት አለው። ከአለቃው ጋር አስቀድሞ ተነጋግሮ፥ ሁሉም በአንድነት የሚሠሩበትን ሰዓት ሦስት ብቻ ማድረግ፤ ይኸውም በአዲስ አበባ ከቀኑ 11 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ነው፥ በዋሽንግተን ከጧቱ 3 እስከ 6 ሰዓት ይሆናል። የቀረውን ሥራ ልጆች ትምህርት ቤት ሳሉ ጧት ይሠራዋል፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላም የቤቱ ሰው ይሆናል። ይህን የማይፈቅድ አለቃ ያለው ሰው ከመሄዱ በፊት ደግሞ ያስብ። ሥራው በጀርመን አገር የሆነ ሰው ግን ልዩነቱ እንደ ወቅቱ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ብቻ ስለሆነ ነገሩ ይቀለዋል። የልደትና የጥምቀት ቀንም በአሜሪካ የሥራ ቀን ሊሆን ስለሚችል፥ ታኅሣሥ 29ንና ጥር 11ን ከዓመቱ ፈቃድ አስቀድሞ ማስቈረጥ ይገባል። የኢንተርኔት መሥመርም ሊቋረጥ እንደሚችል አይዘንጋ፤ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመላው አገር ከሁለት ሳምንት በላይ ተዘግቶ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፥ እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ ምን እንደሚደረግ ከአለቃ ጋር በጽሑፍ መስማማት መልካም ነው።

ሁለተኛው የሕግና የመመለስ ነገር ነው። ለአሠሪው ሳይናገር በስውር የሚሄድ ሰው አይታጣም፤ ይህ ለክርስቲያን አይገባም፥ ለሥራውም አደጋ ነው። የአሜሪካ ዜጋ ወይም የአረንጓዴ ካርድ ባለቤት በየትም አገር ቢቀመጥ ገቢውን ለአሜሪካ መንግሥት የማስታወቅ ግዴታ አለበት፤ በተከታታይ 12 ወር ውስጥ 330 ሙሉ ቀን በውጭ አገር የተቀመጠ ሰው ግን በሥራ ካገኘው ገቢ እስከ ተወሰነ ልክ ከግብር ነጻ እንዲሆንለት ለመጠየቅ ይችላል። የኢትዮጵያም የገቢ ግብር አዋጅ ቍጥር 979/2008 በአንድ ዓመት ውስጥ ከ183 ቀን በላይ የተቀመጠውን ሰው እንደ ነዋሪ ይቈጥረዋል፤ ስለዚህ በሁለቱም ወገን የሚያውቅ ሰው ማማከር ግድ ነው። የአረንጓዴ ካርድ ባለቤት ደግሞ አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ በውጭ ከቈየ ካርዱ የመግቢያ ወረቀት መሆኑ ይቀርበታል፤ ይህን ያህል ለመቈየት የሚያስብ ሰው ገና አሜሪካ ሳለ የመመለሻ ፈቃድ ለማግኘት ማመልከት አለበት። ከስድስት ወር በላይ መቈየትም ዜግነት ለሚጠብቅ ሰው የቈጠረውን ዘመን ሊያቋርጥበት ይችላል። እንግዲህ «ሄደን እናየዋለን» ማለት የአቤሜሌክ መንገድ ነው።

ሦስተኛው የትዳርና የገንዘብ ነገር ነው። ባል ሥራውን ይዞ ሲሄድ ሚስት ሥራዋን ትታ የምትሄድ እንደ ሆነ፥ ወይም ይህ በተቃራኒው ቢሆን፥ ጕዞው ለሁለቱ እኩል አይደለም። አንዱ የለመደውን ሥራና ባልደረባ ይዞ ይኖራል፤ ሌላው ግን ቤት ማደራጀቱን፥ ልጅ ማላመዱን፥ ዘመድ መቀበሉን ሁሉ ብቻውን ይሸከማል። ይህ ሸክም በግልጽ ተነግሮ ካልተካፈለ የአንድ ዓመት ጕዞ የብዙ ዓመት ቂም ይተክላል። ስለ ገንዘብም፥ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ የአንድ ዶላር ዋጋ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ደመወዙን በዶላር ለሚቀበለው ይህ ትርፍ መስሎ ይታያል፤ በብር ለሚኖረው ወንድሙ ግን የዳቦና የዘይት ዋጋ መወደድ ነው። ስለዚህ የሚሄዱት ሰዎች በዘመድ ፊት እንዳይኵራሩ፥ ለሞግዚትና ለቤት ሠራተኛም የሚገባውን ደመወዝ እንዳያጓድሉ አደራ እላለሁ። ልጆች በዚያ ዓመት ከሚማሩት ሁሉ ይህን ቀድመው ይማራሉ።

አራተኛው የልጆች ነገር ነው። ሕፃን ቋንቋ ቶሎ ይይዛል፤ መስማት ሲያቆም ግን ቶሎ ይረሳል። ስለዚህ አማርኛውን እንዲለምድ የሚያስብ ሰው እንግሊዝኛ ብቻ በሚነገርበት ትምህርት ቤት አግብቶት፥ ማታም በእንግሊዝኛ እያናገረው ተአምር አይጠብቅ። ከተቻለ ከሰፈር ልጆች ጋር ይጫወት፤ ከአያቱ ጋር ገበያ ይውረድ፤ በደብር አጠገብ መምህር ቢገኝ እንደ ጥንቱ ልማድ ፊደል ቈጥሮ መልእክተ ዮሐንስን ይጀምር። ጕዞውም ከትምህርት ዘመን መጀመሪያ ከመስከረም ጋር ቢገጥም ይሻላል፤ በዓመቱ እኵሌታ የገባ ልጅ ለሁለቱም አገር ትምህርት እንግዳ ይሆናል። ስለ ጤናም፥ አዲስ አበባ ከባሕር በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለ ሆነች ወባ አያሰጋም፤ ወደ ቆላ የሚወርድ ግን፥ ባሕር ዳር እንኳ ቢሆን፥ ሐኪም ሳያማክር ሕፃን ይዞ አይሂድ። ክትባትም ከመነሣት ብዙ ሳምንት አስቀድሞ ይፈጸም።

«ይህ ሁሉ ጣጣ ካለበት ባይሄዱስ አይሻልም?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኔ ግን እንዲህ አልልም። ልጅ አያቱን በስልክ ሥዕል ሳይሆን በእጁ ዳስሶ ማወቁ፥ የጥምቀትን በዓል በአደባባይ ማየቱ፥ ስሙን አጣሞ የማይጠራ ጓደኛ ማግኘቱ፥ ዕድሜውን ሁሉ የሚመገበው ስንቅ ነው። ይህም ስንቅ ቀኑ ካለፈ አይገኝም፤ አያት አይጠብቅም፥ ልጅነትም አይጠብቅም። ከሚቀር ሰው ይልቅ ተዘጋጅቶ የሚሄደውን አመሰግናለሁ።

ስለዚህ ለምትሄዱት እንዲህ እላችኋለሁ፤ የመመለሻችሁን ቀን በወረቀት ጽፋችሁ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። ሕፃን ቀኑን ካወቀ ሁለቱንም ቤት ይወዳል፤ ካላወቀ ግን ሁለቱንም ይፈራል። ቀኑ ሲደርስ ለመቅረት የምትፈልጉ እንደ ሆነም፥ ዝም ብላችሁ አትቅሩ፤ እንደ መጀመሪያው ተቀምጣችሁ ተማክራችሁ ወስኑ። በዚያ ለሚቀበሏቸው አያቶች፥ ልጆቹ ቢሳሳቱ እንዳትስቁባቸው እለምናለሁ፤ አንድ ጊዜ የተሳቀበት ልጅ አፉን ይዘጋልና። ለደብራችን አባቶችና ለሰንበት ትምህርት ቤቱም አደራ አለኝ፤ የሚሄዱትን በጸሎት ሸኟቸው፥ ስማቸውንም ከመዝገብ አትፋቁ፤ የተመለሱትንም ልጆች ከፊት አቁማችሁ የተማሩትን ለባልንጀሮቻቸው እንዲያሰሙ አድርጉ። የአንድ ቤት ጕዞ ለደብሩ ሁሉ ትምህርት የሚሆነው ያን ጊዜ ነው።

የሄዱትን በሰላም የሚመልስ፥ የቀሩትንም በሰላም የሚጠብቅ እግዚአብሔር፥ መግባታችንንና መውጣታችንን ይባርክልን። ደብራችንንም ለሚመጣው ኢዮቤልዩ በልጆቻችን አፍ የሚመሰገንባት ቤት ያድርጋት። ለእርሱ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ አሜን።