«ተፈጥሯዊ ነው» ማለት ብቻውን አይበቃም
ባክቴሪያዎች የሚሠሯቸው ፀረ-ተሕዋስያንና የወተት ደኅንነት
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ጠዋት የታለበ ወተት በሙቀት ከዋለ ማታ ሳይደርስ መበላሸት ይጀምራል። ያው ወተት በወይራ በታጠነ ዕቃ ረግቶ እርጎ ሲሆን ግን ለቀናት ይቆያል። ይህን እናቶች ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ምክንያቱ በእርጎ ውስጥ የሚራቡት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ናቸው። እነዚህ ባክቴሪያዎች ወተቱን ያኮመጥጡታል፤ ኮምጣጣነቱም ብዙ አበላሺ ተሕዋስያንን ያዳክማል። አንዳንዶቹ ደግሞ ከአሲዱ በተጨማሪ ሌሎች ባክቴሪያዎችን የሚገድል ፕሮቲን ይሠራሉ። ይህ ዓይነቱ ፕሮቲን ባክቴሪዮሲን ይባላል።

ከባክቴሪዮሲኖች ሁሉ የታወቀው ናይሲን ነው። የሚሠራውም ላክቶኮከስ ላክቲስ የተባለ የወተት ባክቴሪያ ነው። ይህ ባክቴሪያ ሌሎችን እንደሚያግድ እ.ኤ.አ. በ1928 ታወቀ፤ ናይሲን የሚለው ስም ደግሞ በ1947 እንግሊዝ ውስጥ ወጣ። በ1969 የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት የጋራ የባለሙያዎች ኮሚቴ ለምግብ ማቆያነት ተቀበለው። አሜሪካም በ1988 ለተወሰኑ የአይብ ምርቶች ፈቀደች። በፋብሪካ አይብ ማሸጊያ ላይ ኢ 234 የሚል ቁጥር ካለ ናይሲን ተጨምሮበታል ማለት ነው።

«ባክቴሪያን የሚገድል ነገር ሰውንስ አይጎዳም ወይ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ ተገቢ ነው። ናይሲን የሚሠራው የባክቴሪያን ሽፋን በመብሳት ነው። ሽፋኑን ለመብሳት የሚይዘው መያዣ በባክቴሪያ ላይ እንጂ በሰው ሕዋስ ላይ የለም። ከዚህም ሌላ ናይሲን ፕሮቲን በመሆኑ አንጀት ውስጥ ሲደርስ እንደ ሥጋና እንደ እንቁላል ፕሮቲን ይፈጫል። ይሁን እንጂ መጠን አለው። ከላይ የተጠቀሰው ኮሚቴ በ2013 ያስቀመጠው ጣሪያ ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት በቀን 2 ሚሊግራም ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 120 ሚሊግራም ይሆናል ማለት ነው። በኪሎ 12.5 ሚሊግራም ናይሲን ካለው አይብ 100 ግራም የበላ ሰው የሚያገኘው 1.25 ሚሊግራም ብቻ በመሆኑ ከጣሪያው እጅግ ያነሰ ነው።

ነገር ግን ሁለት ነገሮች መዘንጋት የለባቸውም። አንደኛ፣ እርጎ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ሁሉ ናይሲን አይሠሩም። ሁለተኛ፣ ናይሲን ራሱ ብቻውን ሲሆን ሳልሞኔላን፣ ኢ. ኮላይንና የውርጃ በሽታ የሚያመጣውን ብሩሴላን በደንብ አይገድልም፤ እነዚህ ናይሲን የማያልፈው ተጨማሪ የውጭ ሽፋን አላቸውና። ስለሆነም «እርጎ ስለሆነ በሽታ የለበትም» ብሎ መተማመን ስህተት ነው። ወተቱን አፍልቶ፣ አብርዶ፣ ከዚያ በንጹሕ እርሾ ማርጋት ይሻላል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስንመጣ፣ ናይሲን ደኅና የሆነው ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይደለም። ምግብ ከሚያበላሹ ባክቴሪያዎች አንዱ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚሠራው መርዝም ተፈጥሯዊ ነው፤ ከሚታወቁት መርዞች ሁሉ እጅግ ኃይለኛው ግን እሱ ነው። በየእንስሳት መድኃኒት ቤቱ የሚሸጠው ኦክሲቴትራሳይክሊንም መጀመሪያ የተገኘው ስትሬፕቶማይሲስ ሪሞሰስ ከተባለ የአፈር ባክቴሪያ ነው። በ1943 የተገኘው ስትሬፕቶማይሲንም የዚያው ወገን ባክቴሪያ ሥራ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ብዙ ሕይወት አትርፈዋል። ሆኖም እንደ ናይሲን በምግብ ውስጥ እንዲጨመሩ የተፈቀዱ አይደሉም።

ለምሳሌ የአንዲት አባል ላም ጡቷ አብጦ ኦክሲቴትራሳይክሊን ተወጋች እንበል። መድኃኒቱ በደም በኩል ወደ ወተቱ ይገባል። አባሏ የዕለት ገቢዋ እንዳይቀርባት ብላ 8 ሊትሩን ወደ መሰብሰቢያ ጣቢያ ብትወስድ ወተቱ ከጎረቤቶቿ 200 ሊትር ጋር ይቀላቀላል። በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ መሠረት በአንድ ሊትር ወተት ውስጥ ሊገኝ የሚችለው ኦክሲቴትራሳይክሊን ከ0.1 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም። መጠኑ ካለፈ ፋብሪካው ወተቱን በሙሉ ሊመልሰው ይችላል። መድኃኒቱ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎችም እንዳይራቡ ስለሚያግድ እርጎው ላይረጋ ይችላል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ተሕዋስያን መድኃኒቱን እየለመዱ መምጣታቸው ነው፤ ያን ጊዜ ላሟም ልጁም ሲታመሙ መርፌው አይሠራም። ማፍላትም መድኃኒቱን ከወተቱ አያስወግደውም።

በመሆኑም የሚከተሉት ቢፈጸሙ መልካም ነው፦

1. መድኃኒት በባለሙያ ትእዛዝ ብቻ ይሰጥ፤ ከገበያ ተገዝቶ በግምት አይወጋ።
2. መድኃኒት የተሰጣት ላም ምልክት ይደረግባት፤ መድኃኒቱና ቀኑ ይመዝገብ።
3. በመድኃኒቱ ማሸጊያ ላይ የተጻፈው ወተት የማይሸጥበት ጊዜ ሳያልቅ ወተቷ ለብቻ ታልቦ ይወገድ፤ ለሰውም አይሰጥ።
4. የመሰብሰቢያ ጣቢያዎች የመድኃኒት ቅሪት መመርመሪያ እንዲኖራቸው ዩኒየኑና የወረዳው ጽሕፈት ቤት በጋራ ያስቡበት።

አምስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። እውነቱን ተናግሮ ወተቱን ያስቀረ አባል ገቢውን ያጣል፤ የደበቀ ግን ይከፈለዋል። ሚዛኑ እንዲህ ከሆነ ምክር ብቻውን ለውጥ አያመጣም። ስለዚህ ላሙ ታማ ወተቱን ላስቀረ አባል ከማኅበሩ መጠባበቂያ ላይ ጥቂት ማካካሻ የሚሰጥበት መንገድ በጠቅላላ ጉባኤው ቢታይ ተገቢ ይሆናል። ለአንድ አባል የሚከፈለው የጥቂት ቀን ወተት ዋጋ 208 ሊትር ከመድፋት ይቀልላልና።

ማርም ሲበዛ ይመራል ይባላል። ባክቴሪያ የሠራው ነገር ሁሉ መርዝ አይደለም፤ ሁሉም ደግሞ ደኅና አይደለም። ምንነቱ፣ መጠኑና የሚውልበት ቦታ ሲታወቅ ነው ሰው በልቶት የሚተማመንበት። ኅብረት ሥራ ማኅበርም የቆመው በዚሁ መተማመን ላይ ነው፤ የአንዱ ወተት የሁሉም ወተት ነውና።