መነጽርና የአሮጌ ካሜራ መስኮት



ደብረ ማርቆስ ላይ ምረቃ በደረሰ ጊዜ ከደጀንም ከቢቸናም ቤተ ዘመድ ይሰበሰባል። መነጽር ያደረገ ሰው ያንን ጉባኤ በአሮጌ የፊልም ካሜራ ሲያነሣ፣ ዳር የቆሙት አያት ተቆርጠው የሚቀሩበት ጊዜ አለ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የአሮጌ ካሜራ መመልከቻ መስኮት የተሠራው ዓይን ተጠግቶ እንዲያይበት ነው። መነጽር ዓይንን ስለሚያርቀው የሚታየው መኻሉ ብቻ ይሆናል። ሰውየው ዳሩን ፍለጋ ዓይኑን ወደ ጎን ሲያንሸራትት፣ ተራው መስኮት ፊልሙ የማይቀበለውን ቦታ ጭምር ያሳየዋል። ሁሉም የገቡ መስሎት ያነሣል፤ ፊልሙ ሲታጠብ ግን የዳሩ ሰው የለም።

መነጽር ማውለቅም መፍትሔ አይደለም፤ ሩቁን ለማያይ ሰው ፊቱ ሁሉ ይደበዝዝበታል። ይልቅስ የያዝነውን ካሜራ ጠባይ ማወቅ ይበጀናል። በ1954 እ.ኤ.አ. የወጣው ላይካ ኤም 3 በመስኮቱ ውስጥ የሚያበራ የክፈፍ መስመር አለው፤ ዓይን ቢንሸራተትም መስመሩ አያሳስትም። ሮላይፍሌክስን ከላይ አጎንብሰን ስለምናይ፣ ግራና ቀኙ ቢገለባበጥም መነጽር አያግደንም። ተራ መስኮት የያዝን ግን ዓይናችንን መኻል እናጽና፤ ሁለት እርምጃም ወደ ኋላ እንበል። በመስኮቱ የብረት ጠርዝ ላይ ስስ ላስቲክ ብንለጥፍ መነጽራችን አይጫርም። በብርድ ጧት ትንፋሽ ሲያደበዝዘው ጠርገን እናንሣ።

ከጮቄ ሥር ተነሥተው የመጡ አያት ለዚያ ቀን ዳግመኛ ላይመጡ ይችላሉ። እንግዲህ ከማንሣታችን በፊት ዳር የቆመው ማን እንደ ሆነ እንይ።