ክፍያውን የሚጨምረው ማን ነው?

የዛሬው ርዕሳችን የትምህርት ክፍያ ጭማሪ ነው። ለመሆኑ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ ጭማሪን የሚወስነው ማን ነው?

ወደ አሜሪካዋ ካሊፎርኒያ እንሂድ። በርክሌይንና ሎስ አንጀለስን ጨምሮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶችን የሚመራው አንድ ቦርድ ነው። አብዛኞቹን አባላት የሚሾመው የግዛቱ አገረ ገዥ ነው። አንዱ ወንበር ግን የተማሪ ነው፤ ያውም ድምፅ የሚሰጥ ተማሪ!

እሺ፣ ጭማሪው እንዴት ይጸድቃል? መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲው አመራር ሐሳቡን ለቦርዱ ያቀርባል። ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው። ስለዚህ ተማሪዎች በተመደበላቸው አጭር ጊዜ ማይክሮፎን ይዘው ቅሬታቸውን ያሰማሉ። ከዚያ አባላቱ ድምፅ ይሰጣሉ።

እ.ኤ.አ. በ2021 ቦርዱ ያጸደቀውን አሠራር ደግሞ በቤት ኪራይ እንየው። አከራያችሁ፣ “እናንተ በገባችሁበት ዋጋ ኑሩ፤ የምጨምረው አዲስ ለሚገባው ተከራይ ነው” ቢሏችሁ እፎይ አትሉም? እዚያም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያ ዲግሪ የትምህርት ክፍያ ጭማሪው የሚመለከተው አዲስ ገቢዎችን ነው። አንዴ የገባ ተማሪ እስከ ስድስት ዓመት በገባበት ክፍያ ይቀጥላል። ጭማሪው የዋጋ ንረትን ይከተላል፤ ሆኖም ከ5 በመቶ እንዳያልፍ ገደብ ተበጅቶለታል።

ወላጅ የልጁን ወጪ አስቀድሞ ማወቁ፣ በእኔ እምነት፣ ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን ታናሽ ወንድም ከታላቅ እህቱ የበለጠ ይከፍላል ማለት ነው። ብዙ ተማሪዎችም አሠራሩን አጥብቀው ተቃውመውታል። ቦርዱ በበኩሉ ከጭማሪው ገቢ ከፊሉ አቅም ለሌላቸው ተማሪዎች ድጎማ እንዲውል ወስኗል።