ካረጡ በኋላ የሚገኝ የማኅፀን ፖሊፕ፤ ማውጣት ወይስ መጠበቅ?



ከማኅፀን ውስጠኛ ግድግዳ የሚበቅለው ፖሊፕ ባረጡ ሴቶች ላይ ሲገኝ ምን እናድርግ ለሚለው ጥያቄ መልሱን በመጀመሪያ የሚለየው የደም መፍሰስ መኖሩና አለመኖሩ ነው።

ካረጡ ከዓመታት በኋላ ደም ያዩ እናት «የወር አበባዬ ተመለሰ» ብለው ዝም ሊሉ ይችላሉ፤ እኛ ግን ዝም ልንል አይገባም። ጠብታም ቢሆን ምርመራ ያሻዋል። ፖሊፕ ከተገኘም ወጥቶ በፓቶሎጂ መታየት አለበት፤ አብዛኛው ጉዳት የሌለው ቢሆንም፣ ደም ከሚፈሳቸው መካከል ከ100ው 5 ያህሉ ካንሰር ወይም ወደ ካንሰር የሚያመራ ለውጥ ሊገኝባቸው ይችላልና።

በጭፍን የሚደረግ ጠረጋ ፖሊፕን ብዙ ጊዜ ይስተዋል። ስለዚህ ሂስተሮስኮፕ ባለበት እያዩ ማውጣት ይመረጣል። በሌለበት፣ የጠረጋው ውጤት ንጹሕ ነው ተብሎ፣ ደሙ ሳይቆም እናቲቱን ማሰናበት በእኔ አስተያየት ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው። ማኅፀንን በሙሉ ማውጣት ግን ለተራ ፖሊፕ የመጀመሪያ ሕክምና አይደለም።

ደም ሳይኖር በአልትራሳውንድ በአጋጣሚ የታየ ትንሽ ፖሊፕስ? እዚህ ላይ መቸኮል አያስፈልግም። የካንሰሩ ሥጋት ዝቅተኛ ነው፤ በአንጻሩ የማኅፀን አፍ በእርጅና ስለሚጠብ መሣሪያው ማኅፀንን ሊበሳ ይችላል፤ ልብ ለደከመ ሰውም ማደንዘዣው ቀላል አይደለም። ለጡት ካንሰር ታሞክሲፌን ለሚወስዱ ግን ሚዛኑ ወደ ማውጣቱ ያዘነብላል።

ይህ ሁሉ ለእናቲቱ ለራሳቸው ይነገር እንጂ በኮሪደር ለልጃቸው ብቻ ተነግሮ አይለቅ። መጠበቅን ከመረጡም፣ ደም ባዩ ጊዜ ሳይውሉ ሳያድሩ እንዲመለሱ በግልጽ ይነገራቸው።