በመካከል የቆመችው ሴት

ዛሬ ልጆቻችን በቴሌቪዥንና በስልካቸው ስለሚያዩት ሪያሊቲ ሾው እንነጋገራለን። “ፓስተር፣ መዝናኛ እኮ ነው፤ ምን አለበት?” የሚሉኝ ወጣቶች ብዙ ናቸው። እስቲ አብረን እንየው።

እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ “ዘ ባችለር” የተባለ ፕሮግራም ተጀመረ። አንድ ወንድ፣ 25 ሴቶች! ወንዱ ለመረጣቸው ጽጌረዳ ይሰጣል፤ ያልደረሳት ተሰናብታ ትሄዳለች። ስታለቅስ ካሜራው ይጠጋታል፤ እንባዋ ተመልካች ያመጣላ! ሪያሊቲ ማለት “እውነታ” ማለት ነው፤ ነገር ግን ለብዙ ሰዓት የተቀረጸው ተቆራርጦ፣ ሙዚቃ ተጨምሮበት ነው የሚቀርበው። አንዷ ተንኮለኛ፣ ሌላዋ ሞኝ ተደርጋ ትወጣለች። ይህን እያየች የምታድግ ልጅ ምን ትማራለች? ዋጋዋ በወንድ መመረጥ እንደሆነ፣ ሌላዋ ሴት ባላንጣዋ እንደሆነች። ወንዱ ልጃችንስ? ሴት ተደርድራ የምትመረጥ ዕቃ ትመስለዋለች።

ነገሩ ከእኛም ሩቅ አይደለም። በ2005 ዓ.ም. በ“ቢግ ብራዘር አፍሪካ” ከአገራችን የተወዳደረች አንዲት እህት መነጋገሪያ ሆና ነበር። አማኝ ነን የምንል ሰዎች ስንቶቻችን ጸለይንላት? ስንቶቻችንስ ድንጋይ አነሳን?

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ላይ አንዲት ሴት በምንዝር ተያዘች ተብላ በሕዝብ መካከል አቆሟት። ወንዱ የት ሄደ? ሕጉ እኮ ለሁለቱም ነበር! እርሷን ብቻ አምጥተው መታያ አደረጓት። ሁሉም ዓይኑን ሲተክልባት ጌታ ግን ጎንበስ ብሎ በምድር ላይ ጻፈ። ከሳሾቿ አንድ በአንድ ሲወጡ ቀና ብሎ አነጋገራት። አልፈረደባትም፤ በኃጢአቷም አልተዋትም፤ ዳግመኛ እንዳትበድል ነግሮ አሰናበታት። ሕዝቡ ወሬ አየ፤ ኢየሱስ ሰው አየ።

ወላጆች ሆይ፣ ሪሞቱን መንጠቅ ብቻውን አይበቃም፤ ልጁ በስልኩ ያየዋል። አብራችሁ ተቀመጡና ጠይቁት፦ “ይህን ቆርጦ የቀጠለው ማነው? ማን ይጠቀምበታል? እህትህ ብትሆንስ ትስቅ ነበር?” ወጣቶች ሆይ፣ የሰው ውርደት የተቀረጸበትን ቪዲዮ ለጓደኛ ከመላካችሁ በፊት በእጃችሁ የያዛችሁት ድንጋይ እንዳይሆን አስቡ።

አንቺም እህቴ፣ አበባ የሚያድል ወንድ ዋጋሽን አይወስንም። ዋጋሽ በመስቀል ላይ በደም ተከፍሏል። ተመልካች ሁሉ ቢሄድ እንኳ፣ ከሳሾች ሁሉ ከወጡ በኋላ ከዚያች ሴት ጋር የቀረው ጌታ ካንቺም ጋር ይቀራል። ዛሬ ወደ እርሱ ነይ።

ጌታ ዓይናችንን ይቀድስ፤ ቤታችሁን ይባርክ። አሜን።