አየር ማስወጣት ጥገና አይደለም

በትንሽ ጀልባ የናፍጣ መሥመር ውስጥ ስለሚገባ አየር በሐዋሳ ከተማ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር




በዛሬው ስብሰባ ላይ እንድናገርበት የመረጥኩት ርእስ በመጠኑ ትንሽ ነው። ስለ ግድብ ወይም ስለ ፋብሪካ አይደለም፤ በአንዲት ጀልባ የናፍጣ መሥመር ውስጥ ስለሚገባ አየር ነው። ሆኖም ይህ ትንሽ ነገር በዩኒቨርሲቲ ያላገኘሁትን ትምህርት ስላስተማረኝ፣ ጥፋቴንም ሳልሸሽግ ላካፍላችሁ እወዳለሁ።

ነገሩ የሆነው እዚሁ በሐዋሳ ሐይቅ ላይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጎብኚዎችን የምታመላልስ፣ የናፍጣ ሞተር የተገጠመላት አንዲት ጀልባ በሐይቁ መካከል እየቆመች ታስቸግር ነበር። ባለቤቷ ምክር ጠይቀውኝ መረመርኳት። በፊልትሮው ላይ ያለውን የአየር ማስወጫ ብሎን ሳላላው ናፍጣው አረፋ እየደፈቀ ወጣ። «ምክንያቱ ተገኘ» አልኩ። አየሩን አስወጣሁ፤ የሚታዩትን ፋሸታዎች ሁሉ አጠበቅሁ፤ ማጠራቀሚያውን እስከ አፉ አስሞልቼ ሞተሩን ከዳር ሁለት ሰዓት ያህል አሠራሁት። አንድም ጊዜ አልተደናቀፈም። ለሥራ ብቁ ናት ብዬ ፈረምኩ።

ጀልባዋን የሚነዱት አዛውንት ግን ቀረብ ብለው፣ «ኢንጂነር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጠዋትማ መቼ እምቢ ብላ ታውቃለች? አመሏ ከሰዓት በኋላ ነው» አሉኝ። እኔም ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ፣ ማዕበሉም ስለሚበረታ ሞተሩ ጭነት ይበዛበታል ብዬ አስረዳኋቸው። አንገታቸውን ነቅንቀው ዝም አሉ።

በሦስተኛው ቀን፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ሁለት ሕፃናት ያሉባቸውን ሰባት መንገደኞች እንደ ጫነች ከዳር ርቃ ቆመች። ነፋሱም ጉማሬዎች ወደሚውሉበት ቄጠማ ይገፋት ጀመር። ሌላ ጀልባ ደርሳ እስክትጎትታት ድረስ አንድ ሰዓት ያህል አለፈ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። ነገር ግን ሰው አለመጎዳቱ የእኔ ሙያ ውጤት አልነበረም።

ባልደረቦቼ ሆይ፣ ጥቂት አየር አንድን ብርቱ ሞተር የሚያቆመው በምን ምክንያት ነው? ናፍጣ ቢጨመቅ መጠኑን ከሞላ ጎደል አይለውጥም፤ የኢንጄክሽን ፓምፕ አሠራርም የቆመው በዚህ ጠባይ ላይ ነው። የቦሽ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1927 በብዛት ማምረት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ የዚህ ዓይነቱ ፓምፕ ተግባር አልተለወጠም፤ ከአንዲት ጠብታ ያነሰ ናፍጣ በትክክለኛው ጊዜ ገፍቶ የኢንጀክተሩን አፍ ማስከፈት ነው። ለዚህም በብዙ ትንንሽ ሞተሮች 200 ባር ገደማ ግፊት ያስፈልጋል። አየር ግን በዚህን ያህል ግፊት ሲጨመቅ ወደ ሁለት መቶኛው ያህል ይጠባል። ስለዚህ አረፋ በገባ ጊዜ ፓምፑ ጉልበቱን አረፋውን በመጭመቅ ይጨርሰዋል፤ የኢንጀክተሩ አፍም ሳይከፈት ይቀራል።

ከባዱ ጥያቄ አየሩ የገባው በየት ነው የሚለው ነው። የናፍጣ መሥመር ሁለት ወገን አለው፤ ከማጠራቀሚያው እስከ ማቀበያው ፓምፕ ያለው የመሳቢያ ወገን ሲሆን፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የግፊት ወገን ነው። በግፊቱ ወገን ቀዳዳ ቢኖር ናፍጣው ይንጠባጠባል፤ ዓይን ያየዋል፣ አፍንጫም ያሸተዋል። በጀልባ ላይ ግን ማጠራቀሚያው አብዛኛውን ጊዜ ከፓምፑ ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ፣ ሞተሩ ሲሠራ በመሳቢያው ወገን ያለው ግፊት ከውጭው አየር ያንሳል። ስለዚህ ናፍጣ ወደ ውጭ አይወጣም፤ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። መጋጠሚያው ደረቅ ስለሆነ ብቻ ደኅና ነው ማለት አይቻልም።

በዚህ ላይ ፊልትሮው በቆሻሻ ሲታፈን ፓምፑ አጥብቆ ስለሚስብ፣ ትናንት ጉዳት ያልነበረው ስንጥቅ ዛሬ አየር ያስገባል። ሐይቃችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,680 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፣ ናፍጣውን ወደ ፓምፑ የሚገፋው የከባቢ አየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአምስት አንድ እጅ ገደማ ያነሰ መሆኑንም አንርሳ።

እንግዲህ ከስሕተቴ በኋላ የተከተልኩትን ሥርዐት በቅደም ተከተል ልግለጽ።

አንደኛ፣ መሥመሩን ለሁለት መክፈል ነው። የጀልባዋን ማጠራቀሚያ ትቼ ንጹሕ ናፍጣ ከያዘ ጀሪካን በአጭር ቱቦ በቀጥታ ወደ ማቀበያው ፓምፕ አስገባሁ። ሞተሩ በሙሉ ጭነት እስከ ማታ ሠራ። ስለዚህ ጥፋቱ ከፓምፑ ወዲያ ሳይሆን ከፓምፑ ወደ ማጠራቀሚያው ባለው ክፍል መሆኑ ተረጋገጠ።

ሁለተኛ፣ ጀሪካኑን አንሥቶ የመጀመሪያውን መሥመር መመለስና በውስጡ የሚያሳይ፣ ናፍጣ የሚችል ቁራጭ ቱቦ መቀጠል ነው። ይህንኑ ቁራጭ ከፓምፑ ጀምሮ በየመጋጠሚያው ወደ ኋላ እያዛወሩ ማየት ይገባል። አረፋው በአንድ ዕቃ መውጫ ታይቶ በመግቢያው ከጠፋ፣ ጥፋቱ በዚያ ዕቃ ላይ ነው። እኔ ግን በፊልትሮው ቢሆን፣ በመዝጊያው ቢሆን አረፋውን በሁለቱም ወገን አየሁት። በመጨረሻም ከማጠራቀሚያው አፍ ላይ ደረስኩ፤ አረፋው እዚያም ነበረ!

ወደ ማጠራቀሚያው ውስጥ የሚወርደውን የመሳቢያ ቧንቧ ነቅዬ ሳየው፣ ከቁመቱ አጋማሽ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ተገኘ። ማጠራቀሚያው ሙሉ ሲሆን ስንጥቁ በናፍጣ ይሸፈናል፤ ቧንቧውም ናፍጣ እንጂ አየር አያገኝም። ናፍጣው ከግማሽ በታች ሲወርድ ግን ስንጥቁ ይገለጣል፤ አየርም ይገባል። ጀልባዋ በየጠዋቱ ሞልታ ትወጣለች፤ ግማሹን የምትጨርሰው ከሰዓት በኋላ ነው። አዛውንቱ የነገሩኝ ይህንኑ ነበር። እኔ ከመፈተኔ በፊት ማጠራቀሚያውን በማስሞላቴ ጥፋቱን በገዛ እጄ ሸፈንኩት።

ሦስተኛ፣ ቧንቧውን ከለወጥኩ በኋላ የከፈትኳቸውን የመጋጠሚያዎች የመዳብ ቀለበቶችና የፊልትሮውን ጓርኒሲዮን በአዲስ ተካሁ። ያረጀ ቀለበት አጥብቆ ማሰር አዲስ ቀዳዳ ከመፍጠር የሚሻል አይደለም።

አራተኛና የመጨረሻው አየር ማስወጣት ነው። ቅደም ተከተሉም መጀመሪያ ፊልትሮው፣ ቀጥሎ ኢንጄክሽን ፓምፑ፣ በመጨረሻ የኢንጀክተሮቹ መጋጠሚያ ነው። የማቀዝቀዣው ውሃ ከጭሱ ጋር በሚወጣበት ሞተር ላይ ሞተሩ ሳይነሣ ለረጅም ጊዜ የሚሽከረከር ከሆነ፣ የውሃው መግቢያ መዘጋት አለበት፤ አለዚያ ውሃው በጭስ ማውጫው ተመልሶ ወደ ሲሊንደሩ ሊገባ ይችላል። ሞተሩ እንደ ተነሣም ወዲያውኑ ይከፈት። በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ናፍጣ ቆዳን ስለሚበሳ በእጅ መዳሰስ ክልክል ነው። የሚወጣውም ናፍጣ በዕቃ ይጠራቀም። ጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐይቃችን ይገባል እንጂ ከሐይቃችን በምድር ላይ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ ያፈሰስነው ሁሉ ከእኛው ጋር ይቀራል።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ ይህ ጉዳይ ለጀልባ ብቻ የሚነገር አይደለም። በመስኖ ፓምፕ፣ በጄኔሬተርና በትራክተር ላይ ያው ነው። አየር ማስወጣት የበሽታውን ምልክት ማስታገሥ እንጂ በሽታውን መፈወስ አይደለም። አየሩ የገባበት ቦታ ሳይታወቅ «ተጠግኗል» ብሎ መፈረም ደግሞ አደጋውን ከመካኒኩ እጅ ወደ መንገደኛው ማዛወር ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛው፣ ሞተር የቆመበት ሰዓት፣ የነበረው የናፍጣ መጠንና ጭነት በየጊዜው በመዝገብ ይጻፍ፤ ፈተናውም ጥፋቱ በታየበት ሁኔታ ይደረግ። ሁለተኛው፣ መፍቻ ከማንሣታችን በፊት ከሞተሩ ጋር የሚውለውን ሰው እንጠይቅ፤ ሲመልስልንም እናዳምጥ። ጀልባዋ ከተጠገነች በኋላ ፈተናውን በሩብ ናፍጣ፣ በዘጠኝ ሰዓት ነፋስ አደረግነው። መሪውን የያዙት እኒያው አዛውንት ነበሩ፤ እኔ ከአጠገባቸው ተቀምጬ አዳምጥ ነበር።